የይሆናልነትና የስታቲስቲክስ መሠረታዊ ዕውቀት፦ ለዝናብ ትንበያ፣ ለምርት ግምትና ለቤተሰብ ውሳኔ

አርብ ገበያ በአማራ ክልል በደቡብ ጎንደር ዞን የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ከላይ ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ጋር ሆኖ ከጉና ተራራ ደጋ ጀምሮ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች ቆላ ድረስ በሚዘረጋው ምሥራቃዊ የዞኑ ክፍል ይገኛል። የአካባቢው ነዋሪ አብዛኛው በዝናብ ላይ በተመሠረተ እርሻ የሚተዳደር በመሆኑ በየዓመቱ ሦስት ዓይነት ቁጥሮች ኑሮውን በቀጥታ ይነካሉ፤ እነርሱም የወቅት የአየር ትንበያ፣ የሰብል ምርት ግምትና ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ብዛት ናቸው።

እነዚህን ቁጥሮች በትክክል ማንበብ የሚያስችለው ዕውቀት ስታቲስቲክስና ይሆናልነት (ፕሮባቢሊቲ) ይባላል። ስታቲስቲክስ መረጃን የመሰብሰብ፣ የማደራጀትና የመተርጎም ዘዴ ነው። ይሆናልነት ደግሞ ገና ያልተረጋገጠ ነገር የመከሰት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር የሚገልጽ የሒሳብ ዘርፍ ነው። ይህ ጽሑፍ የሁለቱን መነሻ ሐሳቦች ለአርሶ አደሮች፣ ለልማት ሠራተኞች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው። ምሳሌ ተብለው የቀረቡት የምርትና የዝናብ ቁጥሮች ለስሌት ማስረጃ የተወሰዱ እንጂ የተለኩ ውጤቶች አይደሉም።

1. መረጃ መሰብሰብ፦ ቆጠራና ናሙና

መረጃ የሚሰበሰብባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው እያንዳንዱን ሰው ወይም ቤት የሚያዳርሰው ቆጠራ ነው። በኢትዮጵያ ሦስት አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተካሂደዋል። ቆጠራ ከፍተኛ ወጪና ብዙ የሰው ኃይል ስለሚጠይቅ በየዓመቱ ሊካሄድ አይችልም። በሁለት ቆጠራዎች መካከል ባሉት ዓመታት የሚጠቀሰው የሕዝብ ብዛት ከቆጠራው ውጤት ተነሥቶ በልደት፣ በሞትና በፍልሰት መጠን የተሰላ ትንበያ ነው። ስለዚህ የአንድ ወረዳ ሕዝብ ብዛት ሲጠቀስ ቁጥሩ የተቆጠረ ነው ወይስ የተተነበየ የሚለው አብሮ መታወቅ አለበት።

ሁለተኛው መንገድ የናሙና ጥናት ነው። ናሙና ማለት ስለ ጠቅላላው ለማወቅ ከጠቅላላው ተመርጦ የሚወሰድ ክፍል ነው። አሠራሩ ለገበያተኛ እንግዳ አይደለም። ጤፍ ገዥ የጆንያውን ላይ ብቻ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም፤ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ከመካከልና ከሥርም ይዘግናል። ጆንያውን በሙሉ መዘርገፍ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን የዘገነው እፍኝ ሻጩ ሊያሳየው ከፈለገው ከላይኛው ብቻ ከሆነ ይታለላል። የናሙና ጥናት ትልቁ ሕግ ይኸው ነው። እያንዳንዱ የጠቅላላው አባል የመመረጥ ዕድል ሊኖረው ይገባል፤ ምርጫውም በመራጩ ፍላጎት ሳይሆን በዕጣ ወይም ዕጣን በሚተካ ዘዴ መከናወን አለበት።

የልማት ሠራተኛ ስለ አንድ ቀበሌ ምርት ለማወቅ ለመንገድ የቀረቡትን ቤቶች ብቻ ቢጠይቅ፣ ወይም ሞዴል አርሶ አደሮችን ብቻ ቢያነጋግር፣ ውጤቱ የቀበሌውን እውነታ አያሳይም። እንዲህ ያለው ስሕተት አድልዎ ይባላል። አድልዎ የተጠያቂዎችን ቁጥር በመጨመር አይታረምም። ከመንገድ ዳር 50 ቤቶችን በመጠየቅ የተገኘ የተዛባ ውጤት 500 ቤቶች ቢጠየቁም ያው የተዛባ ሆኖ ይቀጥላል።

በአግባቡ የተመረጠ ናሙና ግን በመጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ስለ ብዙኃኑ ይናገራል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ የተሰበሰበው ከ16,650 ቤተሰቦች ነበር። ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1992ቱ ጥናት 166 እንደነበሩና በ2008ቱ ጥናት ወደ 67 እንደቀነሱ የታወቀው እንዲህ ባሉ የናሙና ጥናቶች ነው።

2. የናሙና መጠንና የስሕተት ወሰን

ናሙና በዕጣ ቢመረጥም ውጤቱ ከእውነተኛው ቁጥር ጋር ፍጹም አይገጥምም፤ በአጋጣሚ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ ልዩነት የስሕተት ወሰን ይባላል። ለቀላል የዕጣ ናሙና የሚያገለግል ግምታዊ ስሌት አለ፤ 100ን ለናሙናው ብዛት ካሬ ሥር ማካፈል ነው። 100 ቤተሰቦች ሲጠየቁ የስሕተቱ ወሰን ወደ 10 የመቶኛ ነጥብ፣ 400 ሲጠየቁ ወደ 5፣ 1,600 ሲጠየቁ ወደ 2.5 ይሆናል። እንዲህ ባለ ዘዴ ከተሠሩ 100 ጥናቶች መካከል 95 ያህሉ ከዚህ ወሰን አይወጡም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን በአራት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በ100 ቤተሰቦች ላይ በተሠራ ጥናት ባለፈው ዓመት 40 በመቶ የነበረ ቁጥር ዘንድሮ 44 በመቶ ሆኖ ቢገኝ ለውጥ መጣ ብሎ ማወጅ አይቻልም። ልዩነቱ ከስሕተቱ ወሰን በታች ስለሆነ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል።

3. ምርት እንዴት ይለካል

በሰብል ናሙና ጥናት ምርትን ለመለካት ከተመረጠው ማሳ ላይ ጎኑ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ ማለትም 16 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ተለክቶ ሰብሉ ለብቻው ይታጨዳል፤ ከተወቃና ከደረቀ በኋላም ይመዘናል። ከዚህ ቦታ የተገኘው 1.6 ኪሎ ግራም ቢሆን በካሬ ሜትር 100 ግራም ነው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ ውጤቱ 1,000 ኪሎ ግራም ወይም በሄክታር 10 ኩንታል ይሆናል።

በዚህ ልኬት ላይ 100 ግራም ብቻ ቢሳሳት በሄክታር 62.5 ኪሎ ግራም ልዩነት ያመጣል። የሚታጨደው ቦታም ሰብሉ ካማረበት ወይም ከተጎዳበት ጥግ ሆን ተብሎ መመረጥ የለበትም። ቦታው በዕጣ ቁጥር የሚወሰነው ለዚህ ነው። በትንሽ ቦታ ላይ የተፈጸመ አድልዎ ወደ ሄክታር፣ ከሄክታርም ወደ ወረዳ ሲባዛ ብዙ ሺህ ኩንታል ሆኖ በወረቀት ላይ ይገኛል፤ በጎተራ ግን አይገኝም።

4. አማካይ፣ ሚዲያንና ሞድ

የተሰበሰበን መረጃ በአንድ ቁጥር ለመግለጽ ሦስት መለኪያዎች በብዛት ያገለግላሉ። ለምሳሌ የዘጠኝ አርሶ አደሮች ምርት በሄክታር 6፣ 7፣ 8፣ 8፣ 9፣ 10፣ 11፣ 15 እና 34 ኩንታል ነው እንበል።

አማካይ የሚገኘው ሁሉም ተደምሮ ለብዛቱ ሲካፈል ነው፤ ድምሩ 108፣ አማካዩም 12 ኩንታል ይሆናል። ሚዲያን ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚገኘው ነው፤ እዚህ ላይ አምስተኛው ቁጥር 9 ነው። ሞድ ደጋግሞ የታየው ቁጥር ሲሆን እርሱም 8 ነው።

ሦስቱም ትክክለኛ ስሌቶች ናቸው፤ የሚሰጡት ትርጉም ግን የተለያየ ነው። “የቀበሌው አማካይ ምርት በሄክታር 12 ኩንታል ነው” ሲባል ከዘጠኙ ሰባቱ ከዚያ በታች ማምረታቸው አይታይም። አማካዩን ወደ ላይ የሳበው 34 ኩንታል ያመረተው አንድ አርሶ አደር ነው። ለቀበሌው ጠቅላላ የእህል መጠን ግምት አማካይ ይጠቅማል። የአብዛኛውን ቤተሰብ ኑሮ ለማወቅ ግን ሚዲያን የተሻለ መስታወት ነው።

ይህ ጉዳይ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአንድነት በሚገኙባቸው እንደ ታች ጋይንትና ስማዳ ባሉ ወረዳዎች ከፍተኛ ትኩረት ይሻል። በደጋው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ በጥሩ ሁኔታ ደርሶ በቆላው ማሽላ በዝናብ እጥረት ቢመክን የወረዳው አማካይ መካከለኛ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በዚያ አማካይ ብቻ ድጋፍ ቢመደብ የቆላው ቀበሌዎች ችግር ከቁጥሩ በስተጀርባ ይደበቃል። ስለዚህ ከአማካዩ ጋር ዝቅተኛውና ከፍተኛው ቁጥር፣ እንዲሁም በየሥነ ምኅዳሩ የተለየ መረጃ መቅረብ ይገባዋል።

5. የይሆናልነት ትርጉም

ይሆናልነት ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር፣ ወይም ከ0 እስከ 100 በመቶ ይገለጻል። ፈጽሞ የማይሆን ነገር 0፣ መሆኑ የማይቀር ነገር 1 ይሰጠዋል። የሳንቲም አንድ ገጽ የመውደቅ ዕድል ½ ነው። ሳንቲሙ አራት ጊዜ በተከታታይ በአንድ ገጽ ቢወድቅ እንኳ በአምስተኛው ጊዜ ያው ½ ነው፤ ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። “ሁለት ዓመት ዝናብ ከዳን፣ ሦስተኛው ዓመት መካሱ አይቀርም” የሚለው ተስፋ የሰው ባሕርይ ቢሆንም ስሌት አይደግፈውም። ዝናብ ያለፈውን ዓመት ዕዳ ለመክፈል አይዘንብም።

ደረቅ ዓመት የመምጣት ዕድል ከሦስት አንድ ነው፣ ዓመታቱም አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ የላቸውም እንበል። ሁለት ተከታታይ ዓመታት ደረቅ የመሆን ዕድል ⅓ በ⅓ ተባዝቶ 1/9 ወይም 11 በመቶ ያህል ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ደረቅ ዓመት ያለመኖር ዕድል ⅔ አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 32/243 ወይም 13 በመቶ ያህል ይሆናል። በሌላ አነጋገር ከአምስት ዓመት ቢያንስ አንዱ ደረቅ የመሆን ዕድል 87 በመቶ ነው። ስለዚህ በጥሩ ዓመት ለክፉ ቀን እህል ማስቀመጥ ከፍርሃት የመጣ ልማድ ሳይሆን በስሌት የተደገፈ ጥበብ ነው።

የዓመታቱን ነጻነት እንዲህ ማሰብ ቢቻልም የጎረቤታሞች ማሳዎች ግን አንዱ ከሌላው ነጻ አይደሉም። ድርቅ አንዱን ማሳ ሲመታ አጠገቡ ያለውንም ይመታል። ዕድር ሐዘንን መሸከም የሚችለው ሞት በአብዛኛው አንድ በአንድ ቤት ስለሚገባና የቀሩት አባላት ሐዘንተኛውን መደገፍ ስለሚችሉ ነው። ድርቅ ግን የአባላቱን ሁሉ ጎተራ በአንድ ጊዜ ያራቁታል። ለዚህም ነው የድርቅ ሥጋት ከመንደር በሰፋ ሥርዓት መሸፈን ያለበት። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ታች ጋይንትን ጨምሮ የምግብ ዋስትና ችግር ያለባቸውን ወረዳዎች የሚያቅፈው በዚህ ዓይነት አገር አቀፍ ስፋት ነው።

6. የወቅት ትንበያን ማንበብ

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከበጋ፣ ከበልግና ከክረምት ወቅቶች አስቀድሞ ትንበያ ያወጣል። የወቅት ትንበያ ብዙውን ጊዜ “ከመደበኛ በላይ”፣ “መደበኛ” እና “ከመደበኛ በታች” በሚሉ ሦስት ክፍሎች ይቀርባል። የእነዚህ ክፍሎች አመሠራረት ቀላል ነው። የ30 ዓመት የዝናብ መረጃ ከአነስተኛ ወደ ከፍተኛ ይደረደርና 10ሩ ዝቅተኛ፣ 10ሩ መካከለኛ፣ 10ሩ ከፍተኛ ተብለው ይከፈላሉ። ምንም ተጨማሪ መረጃ ከሌለ ለእያንዳንዱ ክፍል ያለው ዕድል 33 በመቶ ያህል ነው።

ትንበያው “ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ” ቢል ትርጉሙ ደረቅ ወቅት የመምጣት ዕድል ከወትሮው ከፍ ብሏል ማለት ነው። ዝናቡ በ45 በመቶ ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ ድርቅ መምጣቱ ተረጋገጠ ማለትም አይደለም። 55 በመቶ ዕድል ወቅቱ መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ቀርቷል። ወቅቱ ዝናባማ ሆኖ ቢያልፍ በዚህ አንድ ዓመት ብቻ ትንበያው ሐሰት ነበር ሊባል አይችልም። የትንበያ ትክክለኛነት የሚመዘነው በብዙ ዓመታት ነው፤ 45 በመቶ ከተባለባቸው 20 ወቅቶች 9 ያህሉ ደረቅ ሆነው ከተገኙ ትንበያው አስተማማኝ ነው።

ትንበያን የሚያጠናክረው ቅድመ ሁኔታ ያለው ይሆናልነት የሚባለው ሐሳብ ነው። በ30 ዓመት ውስጥ 10 ደረቅ ክረምቶችና 8 የኤል ኒኖ ዓመታት ነበሩ፣ ከኤል ኒኖ ዓመታትም 5ቱ ደረቅ ነበሩ እንበል። በማንኛውም ዓመት ደረቅ ክረምት የመምጣት ዕድል ከ30 ዐሥር፣ ማለትም 33 በመቶ ነው። ኤል ኒኖ መከሰቱ ከታወቀ በኋላ ግን ዕድሉ ከ8 አምስት፣ ማለትም 62.5 በመቶ ይሆናል። ኤል ኒኖ በሌለባቸው 22 ዓመታት ደግሞ ከ22 አምስት ወይም 23 በመቶ ያህል ነው። የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ለጋይንት አርሶ አደር የሚያገባው ከዚህ የተነሣ ነው። ኤል ኒኖ በኢትዮጵያ የክረምት ዝናብን የማዳከም ዝንባሌ አለው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በተከሰተው ኃይለኛ ኤል ኒኖ ሳቢያ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የአስቸኳይ የምግብ ድጋፍ እንደሚያስፈልጋቸው ታውጆ ነበር።

7. ከትንበያ ወደ ውሳኔ

ይሆናልነት የሚጠቅመው ለውሳኔ ሲውል ነው። አንድ ሄክታር መሬት ያለው ቤተሰብ ዝናብ እንደ ጀመረ ይዝራ ወይስ ይቆይ? ዝናቡ ሳይቋረጥ የመቀጠል ዕድሉ 70፣ ለሁለት ሳምንት የመቋረጥ ዕድሉ 30 በመቶ ነው እንበል።

ቀድሞ ቢዘራ ዝናቡ ከቀጠለ 14፣ ከተቋረጠ 4 ኩንታል ያገኛል። አማካይ የሚጠበቀው ምርት 0.7 በ14 እና 0.3 በ4 ተባዝቶ ሲደመር 11 ኩንታል ነው። ቆይቶ ቢዘራ ዝናቡ ከቀጠለ 10፣ ከተቋረጠ 9 ኩንታል ያገኛል፤ የሚጠበቀው ምርት 9.7 ኩንታል ነው። በአማካይ ብቻ ከታየ ቀድሞ መዝራት ይበልጣል።

ነገር ግን ቤተሰቡ ለዓመት ቀለብ ቢያንስ 6 ኩንታል የሚያስፈልገውና ሌላ ጥሪት የሌለው ቢሆን፣ ቀድሞ መዝራት 30 በመቶ የረኀብ ሥጋት አለበት። መሬቱን ከፍሎ ግማሹን ቀድሞ፣ ግማሹን ቆይቶ ቢዘራ ዝናቡ ሲቀጥል 12፣ ሲቋረጥ 6.5 ኩንታል ያገኛል። የሚጠበቀው ምርት 10.35 ኩንታል ሆኖ ከከፍተኛው በጥቂቱ ያንሳል፤ በሁለቱም ሁኔታ ግን ቀለቡ አይጎድልም። አርሶ አደሮች ማሳን በተለያየ ቦታና ጊዜ የመዝራት፣ የተለያየ ሰብል የማሰባጠር ነባር ልምዳቸው ይህን ስሌት የያዘ ነው። ስለዚህ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ የሚጠበቀውን ምርት ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ መሸከም የሚችለውን ኪሳራ ጭምር መጠየቅ ይኖርበታል።

8. ጥንቃቄ የሚሹ አተረጓጎሞች

አብሮ መገኘት ምክንያት መሆንን አያረጋግጥም። በሴፍቲኔት የታቀፉ ቤተሰቦች ካልታቀፉት ያነሰ እህል እንዳላቸው የሚያሳይ መረጃ ቢቀርብ ፕሮግራሙ አደኸያቸው የሚል መደምደሚያ ስሕተት ነው። ወደ ፕሮግራሙ የገቡት ቀድሞውንም ችግረኞች በመሆናቸው ነው። ትክክለኛው ንጽጽር በተመሳሳይ የኑሮ ደረጃ የነበሩ ቤተሰቦችን ከፕሮግራሙ በፊትና በኋላ ማስተያየት ነው።

የመቶኛ ለውጥም መነሻው መታወቅ አለበት። 12 ኩንታል የነበረ ምርት በ50 በመቶ ቀንሶ 6 ቢሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት በ50 በመቶ ሲያድግ 9 እንጂ 12 አይሆንም። “በግማሽ አደገ” የሚለው ዜና ቤተሰቡ ወደ ቀድሞ ይዞታው መመለሱን አያሳይም።

9. ትምህርቱን በተግባር መጀመር

ለጀማሪ የተሻለው መንገድ የራስን መረጃ መመዝገብ ነው። ትምህርት ቤቶችና የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከላት በዝናብ መለኪያ የየዕለቱን ዝናብ በደብተር ሊመዘግቡ ይችላሉ፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሊትር ውሃ ነው። የጤፍና የማሽላ የገበያ ዋጋም በየሳምንቱ በተመሳሳይ መስፈሪያ ሊመዘገብ ይችላል። ተማሪዎች ከእነዚህ መዝገቦች አማካይ፣ ሚዲያንና ሞድ ያወጣሉ፤ ያለ ዝናብ ያለፉ ተከታታይ ቀናትን ይቆጥራሉ፤ ዓመታትንም ያነጻጽራሉ።

ማንኛውም ቁጥር በስብሰባ፣ በሬዲዮ ወይም በሪፖርት ሲቀርብ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማንሣት ይገባል።

• ቁጥሩ ተቆጥሮ ነው፣ በናሙና ተገኝቶ ነው ወይስ ተተንብዮ?
• ናሙናው እንዴት ተመረጠ? ከመረጃው የቀሩት እነማን ናቸው?
• የቀረበው አማካይ ነው ወይስ ሚዲያን? ዝቅተኛውና ከፍተኛውስ ስንት ነው?
• የስሕተቱ ወሰን ምን ያህል ነው?
• ለውጡ ከየትኛው ዓመት ጋር ተነጻጸረ? ያ ዓመት ራሱ የተለየ ዓመት ነበር?

የወቅት ትንበያዎችን ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የሰብልና የሕዝብ መረጃዎችን ከኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ለአካባቢው የሚስማማውን የግብርና ምክር ደግሞ ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትና ከቀበሌ የልማት ሠራተኞች ማግኘት ይቻላል። ቁጥርን መጠየቅ ባለሙያውን መጠራጠር አይደለም። የተጠየቀ ቁጥር ይታረማል፤ ሳይጠየቅ ያለፈ ቁጥር ግን የዘር ጊዜንም የእህል ድልድልንም ሊያሳስት ይችላል።